የተውሶ ቃላትና ታሪካቸው፤ ጁዶ፣ ካራቴ፣ ቴኳንዶ፣ ኩንግ ፉ

አንድ ቋንቋ ከሌላ ቋንቋ ቃል የሚዋሰው አዲስ ነገር ወይም አዲስ ሐሳብ ሲገጥመው ነው። ነገሩ ወደ አገር ሲገባ ስሙም አብሮት ይገባል። ጁዶ፣ ካራቴ፣ ቴኳንዶና ኩንግ ፉ የተባሉት ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት በዚሁ መንገድ ነው። እነዚህን ቃላት በየሰፈሩ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጠሯቸዋል፤ ይሁን እንጂ ትርጉማቸውን ጠይቆ የተረዳ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ሁሉንም «ድብድብ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልላቸዋል። ከዚህ ቀጥሎ የቃላቱ አመሠራረት ምን እንደሚመስል፣ ስሞቹም በምን ምክንያት እንደ ተለወጡ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. አንድ ምልክት፣ ልዩ ልዩ ንባብ

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የቻይናን ጽሕፈት ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የአማርኛ ፊደል ድምፅን ይወክላል፤ የቻይና የጽሕፈት ምልክት ግን ከድምፅ ጋር ትርጉምንም ይይዛል። ጃፓኖችና ኮሪያውያን ይህን ጽሕፈት ከጥንት ጀምሮ ስለ ተዋሱ፣ አንዱን ምልክት ሦስቱም ሕዝቦች በየራሳቸው ድምፅ ያነቡታል፤ ትርጉሙ ግን በአመዛኙ አንድ ነው። ለምሳሌ «መንገድ» የሚል ትርጉም ያለውን ምልክት ቻይናውያን «ዳዎ»፣ ጃፓኖችና ኮሪያውያን «ዶ» ይሉታል። እንዲሁም የመለማመጃውን ስፍራ ጃፓኖች «ዶጆ»፣ ኮሪያውያን «ዶጃንግ» ሲሉት፣ ሁለቱም በአንድ ዐይነት ምልክት ጽፈው «የመንገዱ ስፍራ» ማለታቸው ነው። ቃሉ ቀድሞ የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚያሰላስሉበት ስፍራ ስም ነበር።

ለ. ከስልት ወደ መንገድ፤ ጁዶ

በጃፓን ከጥንት ጀምሮ «ጁጁትሱ» የሚባል ባዶ እጅ ሆኖ የመታገል ስልት ነበረ። «ጁ» ማለት ልስላሴ ወይም እሺ ባይነት፣ «ጁትሱ» ደግሞ ስልት ማለት ነው። ልስላሴ የተባለውም ድካም አይደለም፤ ተጋጣሚ ሲገፋ በኀይል ከመመከት ይልቅ ግፊያውን ተቀብሎ በራሱ ጕልበት መጣልን የሚያመለክት ነው።

ካኖ ጂጎሮ የተባለው የጃፓን መምህር (1860–1938) ይህን ስልት ካጠና በኋላ፣ በ1882 በቶኪዮ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። አደገኛ የሆኑትን ስልቶች ከልምምዱ ለየ፤ የትምህርቱንም ስም «ጁዶ» አለው። ከስሙ የተለወጠው «ጁትሱ» ብቻ ነው፤ በእርሱ ፈንታ «ዶ» ገባ። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ስልት ተጋጣሚን ማሸነፊያ ነው፤ መንገድ ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ እየሄደ አካሉንና ጠባዩን የሚያንጽበት ነው። ካኖ የመምህራን ማሠልጠኛን ለብዙ ዓመታት የመራ ሰው ስለ ነበረ፣ ትግልን የትምህርት ክፍል ለማድረግ ያሰበው በዚህ ስም ነው። ጁዶ በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ከውድድር ዐይነቶች አንዱ ሆነ።

ሐ. ድምፁ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት፤ ካራቴ

በአማርኛ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» ሲነበቡ ድምፃቸው አንድ ነው። በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ወጣ፣ ታየ ማለት ይሆናል፤ ምሥራቅ የሚለውም ቃል ከዚህ የተገኘ ነው። በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ግን የሰው ንብረት ወሰደ ማለት ነው። ጽሕፈቱን ያላየ ሰው ትርጉሙን ከድምፁ ብቻ ሊለየው አይችልም። የካራቴም ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ካራቴ የተወለደው በኦኪናዋ ደሴት ነው። ኦኪናዋ እስከ 1879 ድረስ የሪዩኪዩ መንግሥት ክፍል ነበረች፤ ከቻይናም ጋር ለብዙ ዘመን ትነግድ ነበር። በዚሁ ግንኙነት የቻይና የፍልሚያ ጥበብ ወደ ደሴቲቱ ገብቶ ከነባሩ ጋር ተዋሐደ። የደሴቲቱ ሰዎችም ጥበቡን አንዳንድ ጊዜ «ቴ»፣ ማለትም እጅ፣ አንዳንድ ጊዜም «የቻይና እጅ» ይሉት ነበር። ቻይናን ለማመልከት የጻፉት ምልክት የታንግ ነገሥታት ስም ሲሆን፣ ጃፓኖች «ካራ» ብለው ያነቡታል። «ባዶ» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ምልክትም እንዲሁ «ካራ» ተብሎ ይነበባል።

ፉናኮሺ ጊቺን የተባለው የኦኪናዋ መምህር (1868–1957) በ1922 ጥበቡን በቶኪዮ ለሕዝብ አሳየ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በጃፓንና በቻይና መካከል ጠብ እየበረታ ሄደ፤ ጃፓን በ1931 ማንቹሪያን ያዘች። በዚህ ጊዜ «የቻይና» የሚል ስም በጃፓን የማይወደድ ሆነ። ስለሆነም ፉናኮሺና ሌሎች መምህራን የመጀመሪያውን ምልክት ትተው «ባዶ» የሚለውን መጻፍ ጀመሩ። በ1936 የኦኪናዋ መምህራን በናሃ ከተማ ተሰብስበው ይህንኑ አጻጻፍ ተቀበሉ። «የቻይና እጅ» የነበረው፣ አንድ ድምፅ እንኳ ሳይለወጥ «ባዶ እጅ» ሆነ።

ፉናኮሺ ለለውጡ ሌላም ምክንያት ሰጥቷል፤ ይኸውም ተለማማጁ ያለ መሣሪያ የሚከላከል ከመሆኑም በላይ፣ ልቡን ከክፋትና ከራስ ወዳድነት ባዶ ማድረግ አለበት የሚል ነው። ይህ መልካም ትርጓሜ ነው። ቢሆንም ካራቴ «ባዶ እጅ» ማለት ነው ብሎ ብቻ የሚያልፍ ሰው፣ ጥበቡ ከቻይና የተቀበለውን ውለታ ሳያውቀው ይቀራል።

መ. ስም እንደ ነጻነት ምልክት፤ ቴኳንዶ

ኮሪያ ከ1910 እስከ 1945 በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። በዚያ ዘመን ካራቴን የተማሩ ኮሪያውያን በአገራቸው የየራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። አንዳንዶቹ ትምህርቱን «ታንግሱዶ»፣ ሌሎቹ ደግሞ «ኮንግሱዶ» አሉት። እነዚህ ስሞች ለጆሮ አዲስ ቢመስሉም፣ የመጀመሪያው «የቻይና እጅ መንገድ»፣ ሁለተኛው «የባዶ እጅ መንገድ» ማለት ነው፤ ይኸውም ያው የካራቴ ምልክት በኮሪያ ንባብ ሲነበብ ነው።

ነጻነቱን ያገኘ ሕዝብ የራሱን ስም መፈለጉ አልቀረም። በ1955 «ቴኳንዶ» የሚለው ስም ተመረጠ። «ቴ» በእግር መምታት፣ «ኳን» ቡጢ፣ «ዶ» መንገድ ነው። ስሙ «ቴክዮን» ከተባለው ነባር የኮሪያ የእግር ጨዋታ ጋር በድምፅ መቀራረቡም ለመመረጡ ረድቶታል። ሆኖም ሁሉም ወዲያው አልተስማሙበትም፤ ከ1961 ጀምሮ «ቴሱዶ» ተብሎ ከቈየ በኋላ፣ በ1965 ቴኳንዶ የሚለው ስም ተመለሰ። ቴኳንዶ በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ሜዳይ የሚሰጥበት ውድድር ሆነ፤ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክም ኢትዮጵያ በዚህ ውድድር ተሳትፋለች።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ ስንጽፋቸው «ካራቴ» በ«ቴ» ይጨርሳል፤ «ቴኳንዶ» በ«ቴ» ይጀምራል። የመጀመሪያው «ቴ» እጅ ነው፤ ሁለተኛው ግን የእግር ምት ነው። የቃላትን ምንጭ በድምፅ መመሳሰል ብቻ የሚፈታ ሰው በእንዲህ ያለው ስፍራ ይሳሳታል።

ሠ. ሙያ ወይስ ድብድብ፤ ኩንግ ፉ

ኩንግ ፉ የቻይና ቃል ነው። በመሠረቱ በረጅም ጊዜ ልፋት የተገኘ ችሎታ ማለት እንጂ ፍልሚያ ማለት አይደለም። ቻይናውያን በእጅ ጽሕፈት ወይም በሻይ አፈላል የተካነውንም ሰው ኩንግ ፉ አለው ሊሉ ይችላሉ። በአማርኛ የሚቀርበው ቃል «ሙያ» ነው፤ ወጥ አሳምራ የምትሠራን ሴት ባለሙያ እንደምንላት ሁሉ ማለት ነው። ቃሉ በውጭ አገር ለፍልሚያ ጥበብ ብቻ የተወሰነው፣ በ1970ዎቹ በሆንግ ኮንግ የተሠሩ ፊልሞች በዓለም ላይ ሲሠራጩ ነው። ቻይናውያን ለፍልሚያው ጥበብ የሚሰጡት መደበኛ ስም «ውሹ» ነው።

ረ. በልምምድ ጊዜ የሚነገሩ ቃላት

በጁዶ ውድድር ዳኛው «ሃጂሜ» ሲል ጀምሩ፣ «ማቴ» ሲል ቆዩ ማለቱ ነው። «ሬይ» የእጅ መንሻ ሰላምታ ትእዛዝ ሲሆን፣ ቃሉ ራሱ አክብሮት ማለት ነው። በጃፓን ቋንቋ መምህር «ሴንሴይ» ይባላል፤ «ሴን» አስቀድሞ፣ «ሴይ» መወለድ ስለ ሆነ፣ ቃል በቃል «ቀድሞ የተወለደ» ማለት ነው። በእኛም አገር የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ መምህሩን «የኔታ» ይላል፤ «የእኔ ጌታ» ማለት ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች የመምህር መጠሪያ አክብሮትን በውስጡ ይዞ ይገኛል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የተውሶ ቃልን ለመተርጐም ሁለት ነገር እንደሚያስፈልግ ነው። አንደኛው ጥምር ቃሉን ወደ ክፍሎቹ መለየት ነው። ሁለተኛው ስሙን ማን፣ መቼና ስለ ምን እንዳወጣው መጠየቅ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ያደረገ ሰው ካራቴን «ባዶ እጅ» ብሎ በትክክል ይተረጕማል፤ ነገር ግን ከባዶው በፊት ምን ተጽፎ እንደ ነበረ አያውቅም።

መልመጃ

1. «ጁትሱ» እና «ዶ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት በራስህ አነጋገር በሦስት ዐረፍተ ነገር ግለጽ።
2. የካራቴ አጻጻፍ የተለወጠባቸውን ሁለት ምክንያቶች ከምንባቡ አውጥተህ ጻፍ፤ የትኛው የበለጠ እንደሚያሳምንህም አስረዳ።
3. እንደ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» በድምፅ አንድ ሆነው በፊደልና በትርጉም የሚለዩ ሦስት ጥንድ ቃላት ፈልገህ በዐረፍተ ነገር አስገባቸው።
4. በአካባቢህ ከሚነገሩት የተውሶ ቃላት አንዱን መርጠህ፣ አመሠራረቱንና ታሪኩን የሚገልጽ የሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፍ።