የስታሊን ሞት እና የልዕለ ኃያላኑ ግንኙነት

የሶቪየት ኅብረት መሪ የነበረው ዮሲፍ ስታሊን ማርች 5 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. (የካቲት 26 ቀን 1945 ዓ.ም.) በሞስኮ ዳርቻ ኩንትሴቮ በሚገኘው መኖሪያው ሞተ። አገሪቱን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በብቸኝነት ስለ ገዛ፣ ሞቱ ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር የነበረውን ቀዝቃዛ ጦርነት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌላ መልክ ሰጠው። ለውጡ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ በኮሪያ ጦርነት ለማስቆም ረዳ፣ በጀርመን ጉዳይ ከንግግር አላለፈም፣ ከቻይና ጋር ደግሞ እያደር አዲስ ጠብ አስከተለ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሞቱ በፊት

በ1953 መጀመሪያ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት እጅግ ሻክሮ ነበር። የአሜሪካው አምባሳደር ጆርጅ ኬናን በኦክቶበር 1952 ወደ ሞስኮ እንዳይመለሱ ስለ ተከለከሉ ቦታው ክፍት ነበር። ጃንዋሪ 13 የሶቪየት ጋዜጦች፣ አብዛኞቹ አይሁድ የሆኑ ሐኪሞች በሕክምና ስም መሪዎችን ሊገድሉ አሲረዋል ብለው ጻፉ፤ በፌብሩዋሪም ሞስኮ ከእስራኤል ጋር ያላትን ግንኙነት አቋረጠች። ትልልቅ ውሳኔዎች ሁሉ የሚወጡት ከአንድ ሰው እጅ ነበር። ፍርሃቱ ምን ያህል እንደ ነበር ስታሊን የታመመበት ቀን ያሳያል፦ ማርች 1 ከክፍሉ ሳይወጣ ቢውልም ጠባቂዎቹ ሳይጠሩ መግባትን ፈርተው እስከ ማታ ቆዩ፤ ሲገቡም ወለል ላይ ወድቆ አገኙት።

ወራሾቹ

ሥልጣኑ ለአንድ ሰው አልተላለፈም። ጌኦርጊ ማሌንኮቭ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ላቭሬንቲ ቤሪያ የአገር ውስጥ ጉዳይና የደኅንነት ኃላፊ፣ ቪያቼስላቭ ሞሎቶቭ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ኒኪታ ክሩስቾቭ ደግሞ በፓርቲው ውስጥ ጎልቶ ወጣ። እርስ በርስ አይተማመኑም ነበርና የራሳቸው ነገር ሳይለይ ከውጭ ጣጣ እንዲመጣባቸው አልፈለጉም። ማርች 15 ማሌንኮቭ ባደረገው ንግግር ከአሜሪካ ጋር ያለው ጭምር በሰላም የማይፈታ አለመግባባት እንደሌለ ተናገረ። ኤፕሪል 4 ሐኪሞቹ ንጹሓን ናቸው ተብሎ መፈታታቸው ታወጀ፤ ሜይ 30 ሞስኮ በቱርክ መሬት ላይ ታነሣ የነበረውን የይገባኛል ጥያቄ ተወች፤ በጁላይም ከእስራኤል ጋር ያለው ግንኙነት ታደሰ። እነዚህ ብዙ ዋጋ የማያስከፍሉ እርምጃዎች ነበሩ፤ ከባዱ ጉዳይ ኮሪያ ነበር።

የኮሪያ ጦርነት

የተኩስ አቁም ድርድሩ በጁላይ 1951 ቢጀመርም በምርኮኞች ጉዳይ ተሰናክሎ ነበር። ከቻይናና ከሰሜን ኮሪያ ምርኮኞች ብዙዎቹ ወደ አገራቸው መመለስ አልፈለጉም፤ አሜሪካ በግድ አልመልስም አለች፤ ቻይናና ሰሜን ኮሪያ ደግሞ ሁሉም ይመለሱ አሉ። ስታሊን መቸኮል እንደማያስፈልግ ያምን ነበር። በኦገስት 1952 ከቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ ጋር ሲነጋገር ጦርነቱ አሜሪካን እያዳከመ መሆኑን፣ ሰሜን ኮሪያዎችም ከሞቱባቸው ሰዎች በቀር ምንም እንዳላጡ ገልጾ ነበር። የሞቱት ሰዎች በዚህ ስሌት ውስጥ እንደ ኪሳራ አልተቆጠሩም ማለት ነው።

ስታሊን በሞተ በሁለት ሳምንቱ፣ ማርች 19፣ አዲሶቹ መሪዎች ጦርነቱ እንዲቆም ወስነው ለማኦና ለኪም ኢል ሱንግ ጻፉ። ማርች 28 ሰሜን ኮሪያና ቻይና የታመሙና የቆሰሉ ምርኮኞችን ለመለዋወጥ ተስማሙ፤ ልውውጡ ኤፕሪል 20 ተጀመረ። የተኩስ አቁም ስምምነቱ ጁላይ 27 ቀን 1953 (ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም.) ፓንሙንጆም ላይ ተፈረመ። በመካከል ባሉት አራት ወራት በኮረብታዎቹ ላይ የሚደረገው ውጊያ አልቆመም ነበር፤ በጦርነቱ ከ120 በላይ ወታደሮቿን ያጣችው ኢትዮጵያ የላከችው የቃኘው ሻለቃም በዚያ ጊዜ ግንባር ላይ ነበር።

ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወርና ባልደረቦቻቸው ጦርነቱን ያስቆመው የአቶሚክ መሣሪያ ማስፈራሪያቸው እንደሆነ በኋላ ተናግረዋል። ሆኖም የቀናቱ ቅደም ተከተል ይልቁን ወደ ሞስኮ ያመለክታል። ቻይናና ሰሜን ኮሪያም ቢሆኑ ቀድሞውኑ ደክመው ነበር፤ የስታሊን ሞት ያነሣው ከፊታቸው የቆመውን እንቅፋት ነው።

ጀርመንና የዋሽንግተን መልስ

ዋሽንግተን ሞቱን ለዓመታት ስትጠብቅ ብትቆይም ሲደርስ የተዘጋጀ ዕቅድ አልነበራትም፤ አይዘንሃወር ራሳቸው በዚህ አማረዋል። ኤፕሪል 16 ባደረጉት ንግግር የአንድ ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዋጋ ከ30 በሚበልጡ ከተሞች ትምህርት ቤት ሊያሠራ እንደሚችል ጠቅሰው ሞስኮ ቅንነቷን በተግባር እንድታሳይ ጠየቁ። ፕራቭዳ ጋዜጣ ንግግሩን ሙሉውን አትሞ አወጣው፤ ይህ በስታሊን ዘመን የማይታሰብ ነበር። ሜይ 11 የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል የመሪዎች ስብሰባ ይጠራ አሉ፤ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ፎስተር ደለስ ግን የሞስኮን መለሳለስ በጥርጣሬ ያዩት ነበር።

ጁን 17 በምሥራቅ ጀርመን ሠራተኞች ሲያምፁ የሶቪየት ታንኮች አመፁን ደፈጠጡት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ቤሪያ በባልደረቦቹ ታሰረ፣ በዲሴምበርም ተገደለ፤ ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ ምሥራቅ ጀርመንን አሳልፎ ሊሰጥ ነበር የሚል ነው። ከዚያ በኋላ በጀርመን ላይ ለዘብ ያለ ሐሳብ ማቅረብ ለማንም ወራሽ አደገኛ ሆነ። ኦገስት 12 ደግሞ ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያውን የሃይድሮጅን ቦምቧን ሞከረች። የመሪዎቹ ስብሰባ የተካሄደው በጁላይ 1955 ጄኔቫ ላይ ሲሆን፣ ከሁለት ወር በፊት የተፈረመው የኦስትሪያ ውል የውጭ ወታደሮች ከዚያች አገር እንዲወጡ አድርጓል።

ቻይና

ማኦ ስታሊንን እንደ ታላቅ ይቆጥረው ነበር፤ ክሩስቾቭን ግን እንደ እኩያ እንኳ ለማየት ተቸገረ። በፌብሩዋሪ 1956 ክሩስቾቭ ቤጂንግን ሳያማክር የስታሊንን ወንጀሎች ሲያጋልጥ፣ ከምዕራቡ ጋርም በሰላም አብሮ መኖር ይቻላል ሲል፣ ቅሬታው ወደ ግልጽ ክርክር አደገ። ሞስኮ ከአሜሪካ ጋር ለመነጋገር በሞከረች ቁጥር ከቻይና ጋር እየራቀች ሄደች። በማርች 1969 የሁለቱ ኮሚኒስት አገሮች ወታደሮች በኡሱሪ ወንዝ ላይ ባለች ደሴት ተታኮሱ፤ በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ቤጂንግ ላይ ከማኦ ጋር ተጨባበጡ።