ካንሪን ማሩ፦ የጃፓንን መርከበኞች ፓስፊክ ያሻገረችው መርከብ

ጃፓን ከ200 ዓመታት በላይ በሯን ለውጭው ዓለም ዘግታ በኖረችበት ዘመን፣ አገሪቱን በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይገዛ የነበረው የጦር አለቃ፣ ማለትም ሾጉን፣ ውቅያኖስ የሚሻገሩ ትልልቅ መርከቦች እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1853 የአሜሪካው ኮሞዶር ማቲው ፔሪ ጭስ የሚተፉ የጦር መርከቦች አስከትሎ ወደ ኤዶ፣ ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ መግቢያ ሲደርስ ግን ክልከላው በዚያው ዓመት ተሻረ፤ መንግሥቱም ለረጅም ጊዜ ከአውሮፓውያን ብቸኛ የንግድ ሸሪኩ ከነበረችው ከሆላንድ የጦር መርከብ አዘዘ።

ከትእዛዙ የተገኘችው ካንሪን ማሩ በሆላንድ ኪንደርዳይክ ተሠርታ በ1857 ናጋሳኪ ገባች። ርዝመቷ 49 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 12 መድፎች፣ ሦስት የሸራ ምሰሶዎችና 100 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተር ነበራት። ሞተሩ በውኃ ውስጥ የሚሽከረከረውን ፕሮፔለር ቢያዞርም፣ የድንጋይ ከሰሉ ለረጅም መንገድ ስለማይበቃ በዋናነት ያገለግል የነበረው ወደብ ለመግባትና ለመውጣት ነው፤ በሰፊው ባሕር ላይ መርከቧን የሚነዳት ነፋስ ነበር። «ማሩ» በጃፓን የመርከብ ስሞች ላይ የሚቀጠል ቃል ሲሆን፣ «ካንሪን» ደግሞ ገዢና ተገዢ ተስማምተው መሥራታቸውን የሚያመለክት፣ ከጥንታዊ የቻይና መጽሐፍ የተወሰደ ስያሜ ነው።

ስሟን ያስጠራው የ1860 ጉዞዋ ነው። የንግድ ውል ለማጽደቅ ወደ አሜሪካ የሚሄዱት መልእክተኞች ፖውሃታን በተባለች የአሜሪካ መርከብ ሲሳፈሩ፣ ካንሪን ማሩ በአድሚራል ኪሙራ ዮሺታኬ የበላይነትና በካፒቴን ካትሱ ካይሹ አዛዥነት ለብቻዋ ተጓዘች። በ37 ቀናት የባሕር ጉዞም ማርች 17 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰች። ከተሳፋሪዎቿ አንዱ የነበረውና በኋላ በጃፓን ትምህርት ላይ ትልቅ አሻራ ያሳረፈው ፉኩዛዋ ዩኪቺ፣ ጃፓናውያን ያለ ባዕድ እርዳታ ውቅያኖሱን መሻገራቸውን በኩራት ጽፏል። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። መርከቡ በማዕበል የተሰበረበት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ጆን ብሩክ ከጥቂት መርከበኞቹ ጋር አብሮ ተሳፍሮ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የታተመው የዕለት ማስታወሻው እንደሚያሳየው፣ ማዕበሉ ሲበረታ፣ ካፒቴኑ በሕመም ከክፍሉ መውጣት ሲያቅተውና አብዛኛው ጃፓናዊ መርከበኛ በባሕር ሕመም ሲወድቅ፣ ሸራውን የያዙት በአብዛኛው አሜሪካውያኑ ናቸው። ከጃፓናውያኑ ወገን ብሩክ እጅግ ያመሰገነው፣ በልጅነቱ በአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ከሞት ተርፎ በማሳቹሴትስ የተማረውን አስተርጓሚ ናካሃማ ማንጂሮን ነው።

ይህ የጃፓናውያኑን ክብር አይቀንስም። የባሕር ትምህርት ከጀመሩ ገና አምስት ዓመት ያልሞላቸው እነዚህ ሰዎች ጥቂት አሜሪካዊ መርከበኞችን ብቻ ይዘው በሃዋይ በኩል መርከቧን ራሳቸው እየነዱ ተመልሰዋልና፣ ኩራቱ በእርግጥ የሚገባው ለመልሱ ጉዞ ነው። ሦስት ባልደረቦቻቸው ግን በሳን ፍራንሲስኮ ሞተው እዚያው ቀሩ።

በ1868 የሾጉኑ አገዛዝ ሲወድቅ ካንሪን ማሩ ወደ ሰሜን ከሸሸው የሾጉኑ ደጋፊ የኤኖሞቶ ታኬአኪ ጦር ጋር ወጣች፤ ማዕበል ለይቷት ሺሚዙ ወደብ ስትጠጋ ግን የአዲሱ መንግሥት ወታደሮች ደርሰው ማረኳት፣ በላይዋ የነበሩትንም ገደሉ። አስከሬኖቹን ከባሕር ለማንሳት ሰው በፈራበት ሰዓት፣ ጂሮቾ የተባለው የሺሚዙ ቁማርተኞች አለቃ አውጥቶ በክብር ቀበራቸው። መርከቧ ከዚያ በኋላ ጭነት አመላላሽ ሆና፣ በ1871 ወደ ሆካይዶ የሚሄዱ ሰፋሪዎችን ጭና ስትጓዝ በሳራኪ ርእሰ ምድር አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች።