የብር ዕቃ ሦስት ዋጋ አለው
ክብደቱ፣ ማህተሙና የወጣበት ቤት ስም

ባሮን ማየር ደ ሮትስቻይልድ በ1850ዎቹ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሠራው ሜንትሞር የተባለው የገጠር ቤት ከነዕቃው በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ቢቀርብለት የእንግሊዝ መንግሥት ሳይቀበል ቀረ። በግንቦት 1977 ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ድርጅት ዕቃውን ብቻ በሐራጅ ሸጦ ከ6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አገኘ። ከተሸጡት መካከል የብር ዕቃዎችም ነበሩ። በእንዲህ ያለ ገበያ ገዢ የሚከፍለው ሦስት ዋጋ ነው፤ አንዱን ከሌላው ካልለየ ይከስራል።

የመጀመሪያው ክብደት ነው። ስተርሊንግ የሚባለው ብር 92.5 በመቶው ንጹህ ነው። ስለዚህ 1 ኪሎ የሚመዝን ትሪ 29.7 ትሮይ አውንስ ያህል ንጹህ ብር ይዟል። በጥር 1980 የአንዱ አውንስ ዋጋ ወደ 50 ዶላር ሲጠጋ ይህ ትሪ ቢቀልጥ 1,450 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር፤ በመጋቢት 27 ግን ወደ 320 ዶላር ወረደ። የእኛ አንጥረኞች የማሪያ ትሬዛን ብር አቅልጠው መስቀልና ጌጥ ሠርተውበታል። ያን ጊዜ በምዕራቡ ዓለም የሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ የተዋበ የገበታ ዕቃ ቀልጦ ጥፍጥፍ ሆነ። የብሩ ዋጋ ሲወርድ የእጅ ሥራው አልተመለሰም። ሲመዝኑም መጠንቀቅ ነው፤ የቢላዋ እጀታና አንዳንድ መቅረዝ ውስጡ በሌላ ነገር የተሞላ ነው።

ሁለተኛው ማህተም ነው። በእንግሊዝ ብር ላይ ከ1544 ጀምሮ የሚራመድ አንበሳ ይመታል፤ የነብር ራስ ለንደንን፣ አንድ ፊደል ዓመቱን፣ ምህጻረ ስም ሠሪውን ያመለክታል። «ኢፒኤንኤስ» የሚል ካለበት ግን በብር የተለበጠ ሌላ ብረት ስለሆነ በኪሎ አይታሰብም።

ሦስተኛው የቤቱ ስም ነው። ይህን የሚያረጋግጠው የተቀረጸ የቤተሰብ ዓርማ፣ የቆየ ደረሰኝ ወይም የሐራጅ መዝገብ ነው። ወረቀት የሌለው ስም ወሬ ነው።

ክሪስታል ግን የሚያርፍበት ወለል የለውም፤ ቢሰበር የሚቀልጥ ዋጋ አይተርፈውም። ዋጋው በሙሉነቱ ነው። ስለዚህ ጠርዙን በጣት ይዳስሱ፤ የተሸረፈን ብርጭቆ ሞርዶ ማስተካከል የተለመደ ነው። ቁመታቸውን ደርድሮ ማየት ይህን ያጋልጣል።

ለገዢ የሚበጀው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መመዝን፣ ማህተሙን ማንበብ፣ ከዚያ ለስሙ ወረቀት መጠየቅ። ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ ይጀምራል።