ያውቁ ኖሯል? የጎልፍ ተጫዋችና የእጅ አንጓው

ጎልፍ ግፊያ የለበትም፣ ጠልፎ የሚጥል ተከላካይም የለበትም። የእጅ አንጓን ግን እንዲህ በቀላሉ አይምርም።

ያውቁ ኖሯል? ሕጉ የጎልፍ ኳስ ክብደት ከ45.93 ግራም እንዲበልጥ አይፈቅድም። ዱላውና ኳሱ የሚነካኩትም ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። እጅን ይበልጥ የሚጎዳው ኳሱ ሳይሆን መሬቱ ነው። የባለሙያ ዱላ ጫፍ በሰዓት ወደ 180 ኪሎ ሜትር እየበረረ መጥቶ ከዛፍ ሥር፣ ከድንጋይ ወይም ከደረቅ አፈር ጋር ሲጋጭ ምቱ ተመልሶ አንጓ ላይ ያርፋል። የገና ጨዋታ ሲጫወት ሩሯን ስቶ መሬት የመታ ሰው ይህን ንዝረት ያውቀዋል።

ያውቁ ኖሯል? በቀኝ የሚጫወት ሰው ይበልጥ የሚጎዳው ግራ አንጓው ነው። ጎልፍ ተጫዋቹ ጂም ፉሪክ እ.ኤ.አ. በ2003 የዩኤስ ኦፕን ውድድርን ካሸነፈ በኋላ፣ በዓመቱ ግራ አንጓው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል።

ያውቁ ኖሯል? አንጓችን 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ከእነሱ አንዱ ሃሜት ይባላል፤ በትንሿ ጣት በኩል ወደ መዳፍ ብቅ ያለ መንጠቆ አለው። የዱላው መያዣ ጫፍ የሚያርፈው እዚሁ ላይ ነው። ዱላው ድንገት መሬት ሲነክስ መያዣው መንጠቆውን ይመታውና ይሰብረዋል። ክፋቱ ስብራቱ በተለመደው ራጅ ብዙ ጊዜ አለመታየቱ ነው። ተጫዋቹ «ወለምታ ነው» ተብሎ ይሸኛል፤ ሕመሙ ግን ለወራት አይለቀውም። አጠገቡ የሚያልፈው ነርቭ ሲነካ ትንሿ ጣት ትደነዝዛለች። ሳይታከም ከቆየ ደግሞ የተሰበረው አጥንት ትንሿን ጣት የሚያጥፈውን ጅማት እየፈገፈገ ሊበጥሰው ይችላል። ስብራቱን አጥርቶ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው።

መከላከያው አያያዝ ላይ ነው፦ ዱላው በጣቶች ይያዝ፣ የመያዣው ጫፍም መዳፍ ውስጥ ከማለቅ ይልቅ ትንሽ አልፎ ይውጣ።

ያውቁ ኖሯል? ያረጀ፣ ያለቀና የሚያንሸራትት መያዣ እጅን ያደክማል፤ ዱላው እንዳያመልጥ ሳይታወቀን አጥብቀን እንጨብጣለንና። መያዣውን ማስቀየር ከሕክምና ይረክሳል።

ያውቁ ኖሯል? ሌላው ጎልፍ ተጫዋች ፊል ሚከልሰን እ.ኤ.አ. በ2007 አንጓውን የተጎዳው በውድድር አልነበረም። ለዩኤስ ኦፕን ሲዘጋጅ፣ በኦክሞንት ሜዳ ረጅም ሣር ውስጥ እየተለማመደ ነው። ረጅም ሣር የዱላውን አንገት ጠምጥሞ ይይዛል፤ እጅ ወደፊት ሲሄድ ዱላው ይቀራል።

ያውቁ ኖሯል? ሕጉ ራሱ ለአንጓ ያዝናል። ኳስዎ ዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ ሥር ከተወሸቀ፣ ከውኃና ከመሰል የቅጣት ክልሎች ውጭ የትም ቦታ ቢሆን «አይመታም» ብለው በ1 የቅጣት ምት ማንሳት ይችላሉ። ልቅ ድንጋይና ቅጠል ደግሞ ኳሱን እስካላንቀሳቀሱ ድረስ ያለ ቅጣት ይነሳል፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሸዋ ጉድጓድ ውስጥም ተፈቅዷል። ለወዳጅነት ጨዋታ ሲሉ ሥር ላይ ያለ ኳስ የሚመቱ ሰዎች ምን እንደሚያስቡ አይገባኝም።

ያውቁ ኖሯል? ጠፈርተኛው አላን ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1971 ጨረቃ ላይ ጎልፍ ሲመታ የጠፈር ልብሱ አላንቀሳቅስ ስላለው በአንድ እጁ ብቻ ነበር። እዚያም ቢሆን የመጀመሪያ ምቱ ከኳሱ ይልቅ አፈሩን ነው ያገኘው።

ያውቁ ኖሯል? ጎልፍ ተጫዋችና አራስ እናት የሚጋሩት ሕመም አለ። የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ፍሪትዝ ደ ከርቫን በ1895 እ.ኤ.አ. የገለጸው የአውራ ጣት ጅማት ብግነት ነው፤ እናቷ ላይ ሕፃን ደጋግሞ ማንሳት፣ ተጫዋቹ ላይ ዱላ ደጋግሞ መወዝወዝ ያመጣዋል።

ያውቁ ኖሯል? ባለሙያውን የሚጎዳው ብዛት ነው፤ አማተሩን ደግሞ የአመታቱ ስህተት። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ስስ የልምምድ ምንጣፍ ነው። ወፍራም ምንጣፍ ወይም ሣር ይምረጡ፤ ካጡ ኳሱን ማስቀመጫ እንጨት ላይ አድርገው ይምቱ። አንጓዎን አፍታተው በአጭር ዱላና በግማሽ ምት ይጀምሩ።

መሬት ከመቱ በኋላ በትንሿ ጣት በኩል መዳፍዎን ካመመዎት መጫወትዎን ያቁሙ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ጎልፍ እንደሚጫወቱ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ራጁ ንጹሕ ነው ቢባሉም ሕመሙ ካልለቀቀዎት ስለ ሲቲ ስካን ይጠይቁ።