የእምቦጭ ቀለብ

«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» የሚለው ተረት የተነገረው ጣናን ለወረረው አረም አይደለም፤ ግን ከዚያ የተሻለ መግለጫ ማግኘት ያስቸግራል። እምቦጭ የትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ወይን ጠጅ አበባው ስላማረ ለኩሬ ጌጥ እየተባለ በዓለም ተዛመተ። በኢትዮጵያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ ጣና መግባቱ በይፋ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ተክሉ መሬት መቆንጠጥ አያሻውም። የቅጠሉ አገዳ አየር ቋጥሮ ያንሳፍፈዋል፤ ጭራ የመሰለው ሥሩ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ምግቡን ከዚያው ይለቅማል። ከእናቲቱ ጎን ሐረግ እየወጣ ልጅ ይተክላል፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል።

ከውሃው የሚለቅመው ምግብ ከየት መጣ? ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሳሉ፤ የተራቆተውን ዳገት እያጠቡ የፎገራን ሜዳ በክረምት ያጥለቀልቁና ጣና ይገባሉ። አፈሩን፣ ፋንድያውን፣ ከማሳ የታጠበውን ማዳበሪያ ይዘው ነው የሚገቡት። ጣና ጥልቅ በሚባልበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ በፎገራ ዳር ከዚያ በጣም ይሳሳል። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ ብቅ የሚለው እርጥብ ጭቃ፣ ገበሬው ባሕር ሸሽ ብሎ የሚያርሰው መሬት፣ ለእምቦጭ ዘርም ምቹ መደብ ነው። ምግቡ ካልተቋረጠ ነቀላ ብቻ እንደማይበቃ የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያረቡ ሰዎች በትንሹ ያውቁታል፦ አሸዋው ላይ የሚለጠፈውን አልጌ ቢፍቁት፣ የዓሣው ኩስና የተረፈው ቀለብ ውሃውን እስካደለበው ድረስ ይመለሳል።

አረሙን ወደ ምሥራቁ ዳር የሚገፋው ነፋስ ነው የሚል መከራከሪያ አለ። እውነት ነው፤ ነፋስ ግን ያጓጉዘዋል እንጂ አያደልበውም። ታንኳው በአረም ለተያዘበት ዓሣ አጥማጅ አፈሩን ከምንጩ የሚይዝ እርከን በጉና ተሠርቶ እስኪያልቅ ጠብቅ ማለት ግፍ ነው የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ስለዚህ ነቀላው ይቀጥል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. እንደተካሄደው ያለ የወር ዘመቻም ዳሩን ፋታ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ነቀላው አበባው ዘር ሳይጥል ይሁን፤ የተነቀለውም ጎርፍ ከማይደርስበት ይራቅ። ዳር ላይ የተከመረ እምቦጭ በቀጣዩ ክረምት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለኮምፖስት ይዋል የሚሉም አሉ፤ ከክብደቱ ከመቶ ዘጠና በላይ ውሃ ስለሆነ ግን ሩቅ ማጓጓዙ አያዋጣም። ጥንዚዛ ይለቀቅበት ለሚሉት ደግሞ ቪክቶሪያ ሐይቅ ምስክር ነው። እዚያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥንዚዛ ተለቆ አረሙ እጅግ ቀንሶ ነበር፤ ኋላ ከባድ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ሲያስገባ በኬንያ በኩል እንደገና ተንሰራፋ።

ይህ ሁሉ የፎገራን ሩዝ አምራች መወንጀል እንዳይመስል። በብር የተገዛ ማዳበሪያ ጎርፍ ሲወስደው የመጀመሪያው ከሳሪ እሱ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያን ከፋፍሎ በጊዜው መጨመር፣ የወንዝ ዳርን በሣር መሸፈን፣ በሐይቁ ጠርዝ የተመነጠረውን ደንገል መመለስ ጥቅሙ የጋራ ነው። ደንገል ደለሉን ያስቀራል፤ ምግቡንም ከእምቦጭ አፍ ይሻማል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ሳይደርስ ጉማራን፣ ወረታን አልፎ ርብን ይሻገራል። ስንት ኩንታል አረም እንደተነቀለ የሚናገር ሪፖርት ከማንበብ በፊት በነሐሴ ከእነዚህ ድልድዮች አንዱ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት ይበጃል፤ ውሃው እንደ ቡና አተላ ከጠቆረ፣ የሚመጣው ዓመት እምቦጭ ቀለቡ እየተጫነለት ነው።