የልጁን ቁጥር ማን ይየው?

ጓዶች፣ ገባኝ! ልጆቻችሁን ለቡድን ስፖርት ያስመዘገባችሁ ሁሉ ስልካችሁ ላይ አንድ አፕ አለ አይደል? የልምምድ ሰዓት የሚነግራችሁ፣ ዝናብ ሲጥል «ዛሬ ቀርቷል» የሚላችሁ። እዚያ አፕ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ የማያያት «ፈቃድ» የምትባል ገጽ አለች። እሷን ስነካካ አመሸሁ፤ ባለቤቴ «ምን ተገኘ ደግሞ?» እስክትለኝ ድረስ። የተገኘውን ለእናንተም ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ምሳሌዬ ቤዝቦል ነው። አትሽሹ! አንዱ ልጅ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የቀሩት ሜዳ ላይ ተበትነው ኳሷን ይቀልባሉ። ለዛሬ ይኼ ይበቃችኋል። ቤዝቦልን የመረጥኩት በልጆች ስፖርት ውስጥ እንደ እሱ ቁጥር የሚወድ ስለሌለ ነው። አንድ ወላጅ ስልኩን ይዞ ሜዳ ዳር ይቀመጥና ኳስ በተወረወረ ቁጥር አንድ ነገር ይነካል። አፑ ከዚያች ንክኪ ተነስቶ የቀረውን ያሰላዋል፦ ማን ስንት ጊዜ መታ፣ ማን ሳይመታ ወጣ፣ ማን ኳስ ጣለ። በዚህ ሥራ የታወቀው ጌምቼንጀር የሚባለው ነው፤ ዲክስ የተባለው ትልቅ የስፖርት ዕቃ መደብር እ.ኤ.አ. በ2016 ገዝቶታል። የ10 ዓመት ልጅ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሊግ ተጫዋች፣ የራሱ ሠንጠረዥ አለው ማለት ነው።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ይኼን ሠንጠረዥ የሚሠራው ማን እንደሆነ ሳውቅ ነው። ልጁ ኳሷን መትቶ ሜዳ ላይ ወዳለው ልጅ ሰደዳት እንበል። ያኛው ሊይዛት ሲል ከእጁ አመለጠች። ይኼ ምን ተብሎ ይመዝገብ? «ጥሩ ምት ነበር» ከተባለ የመቺው ቁጥር ከፍ ይላል። «ሊይዛት ይገባው ነበር» ከተባለ ግን ለመቺው ምንም አይጨመርለትም፤ በያዡ ስም ደግሞ «ስህተት» ተብሎ ይጻፋል። የሚፈርደው ስልኩን የያዘው ወላጅ ነው። አንድ ጣት፣ አንድ ንክኪ፣ የሁለት ልጆች ታሪክ! በዚያ ላይ ቁጥሮቹ እንደ ሕፃን ጥርስ የሚነቃነቁ ናቸው፤ 10 ጊዜ ለመምታት ቆሞ 2 ጊዜ የተሳካለት ልጅ አማካዩ 0.200 ነው፤ ያች አከራካሪ ኳስ ለእሱ ከተፈረደች 0.300 ይሆናል። በአዋቂዎች ዓለም 0.200 እና 0.300 ማለት ከቡድን በመባረርና በኮከብነት መካከል ያለ ርቀት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ሁለት ሆነ፦ ይኼን መዝገብ ማን ይጻፈው? ማንስ ያንብበው? እኔ እስካሁን አንድ ጥያቄ ይመስሉኝ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። እድራችንን አስቡ። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ለፋፊ አለ። የካዝናው ቁልፍ ጋሽ እገሌ ኪስ ውስጥ ያለው ገንዘብ ያዥ ስለሆኑ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ እትዬ እገሊት ሲመረጡ ቁልፉ ወደ እሳቸው ይሄዳል፤ ጋሽ እገሌም እንደ ማናችንም ወርሃዊ መዋጮ ከፋይ ይሆናሉ። ማንም «ጋሼን አላመኗቸውም» አይልም። ለፋፊው ደግሞ የሰፈሩን በር ሁሉ ያውቃል፣ ሰው ሲሞት ጡሩምባውን ነፍቶ ይጠራናል፤ ካዝናው ውስጥ ስንት እንዳለ ግን አይጠይቅም፣ አይነገረውምም። ጸሐፊው መዝገቡን ይጽፋል፣ ገንዘቡን አይነካም። ዳኛው ያዛል፣ እሱም ቢሆን ያለ ገንዘብ ያዡ ካዝና አይከፍትም።

አፑም እንዲሁ ነው! ፈቃዱ የተሰፋው ወንበሩ ላይ ነው። «ዋና አሰልጣኝ»፣ «ረዳት»፣ «ነጥብ መዝጋቢ»፣ «ቤተሰብ»፣ «ተከታታይ» የሚሉ ወንበሮች አሉ፤ ስማቸው ከአፕ አፕ ይለያያል። እናንተ ሰውየውን ወንበሩ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ የሚችለውና የማይችለው ነገር ወንበሩን ተከትሎ ይመጣል። ሲነሳ ደግሞ ፈቃዱ እዚያው ይቀራል። ሃያ ቤተሰብ ባለበት ቡድን «ለእሱ ይኼን ክፈት፣ ለእሷ ያንን ዝጋ» እያሉ አንድ በአንድ ማስተካከል ቀረ!

ይኼ ሐሳብ ወግ ያለው መልክ የተሰጠው የት እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። እዚሁ ሜሪላንድ! ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የሚባሉ ሁለት ሰዎች፣ ጌይተርስበርግ ባለው የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠሩ፣ በ1992 ባልቲሞር ላይ በተደረገ ጉባኤ አቀረቡት። ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብለን ቡና የምንጠጣ ሰዎች የዚህ ነገር ጎረቤቶች ነን። ከእነሱም በፊት፣ በ1975፣ ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር ዛሬም የሚሠራበትን መመሪያ ጽፈው ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ሲነገር፣ ለሰው ሥራውን የሚያሠራውን ያህል ስጠው፣ ከዚያ አታሳልፍ። እነሱ ያሰቡት ለትልልቅ ኮምፒውተሮች ነው። እኔ ቤት የደረሰው በልጆች ቤዝቦል በኩል ነው።

መመሪያውን ቡድናችን ላይ ስሞክረው ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ነጥብ የሚመዘግበው ወላጅ ጨዋታውን መጻፍ አለበት፤ የልጆችን የትውልድ ቀንና የወላጆችን ስልክ ማየት ግን ለምኑ ነው? ብርቱካንና ውኃ የምታስተባብረው እናት መልእክት መላክ አለባት፤ የቡድኑን ዝርዝር መሰረዝ አያስፈልጋትም። ረዳት አሰልጣኙ ቁጥሮቹን ማንበብ አለበት፤ ያለፈውን ሳምንት ጨዋታ ማረም ግን፣ በተለይ የራሱ ልጅ ኳስ የጣለበትን፣ ቢቀርበት ይሻላል። (ስም አልጠራሁም።)

ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዲት ልዩ ቁልፍ አለች፦ ቁልፍ የማደል ቁልፍ። ሌላውን ሰው አሰልጣኝ ማድረግ የሚችል ሰው ሁሉንም ማድረግ ይችላል፤ ዛሬ ባይችል ነገ ራሱን ይሾማላ! ስለዚህ እሷን ሁለት ሰው ቢይዛት በቂ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ሰውየው አገር ቤት ለሠርግ የሄደ ዕለት ቡድኑ ይቆለፋል። ስድስት ከሆነ ማን ምን እንደለወጠ አይታወቅም። የአሰልጣኙን የይለፍ ቃል ለአምስት ሰው ማደል ከዚህም ይብሳል፤ መዝገቡ ላይ ሁሉንም ያደረገው አሰልጣኙ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ወደ ማንበቡ። የቁጥሮቹ በር በአጠቃላይ አራት ዓይነት አከፋፈት ሊኖረው ይችላል፦ ለአሰልጣኞች ብቻ፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ልጅ ብቻ፤ ለቡድኑ ሁሉ፤ ለዓለም ሁሉ። ሁሉም አፕ አራቱንም አይሰጥም። ለትንንሾቹ እኔ ሁለተኛውን እወዳለሁ። ልጄ ምን ያህል እንደተሻሻለ ማየት ያስደስተኛል፤ የጎረቤቴን ልጅ ከልጄ በታች ተደርድሮ ማየት ግን ምን ይጨምርልኛል? ልጆቹ ራሳቸው ሠንጠረዡን ካገኙት ደግሞ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ማን መጨረሻ እንደሆነ ከማውራት ሌላ ሥራ የላቸውም። ኖርዌይ ይኼን ለአፕ አልተወችውም፤ የአገሪቱ የስፖርት ኮንፌዴሬሽን በ1987 ባወጣውና በ2007 ባሻሻለው የልጆች ስፖርት ደንብ መሠረት፣ የውጤት ዝርዝርና የደረጃ ሠንጠረዥ የሚፈቀደው ልጆቹ 11 ዓመት ከሚሞላቸው ዓመት ጀምሮ ነው። እዚህ ቁጥር በሞላበት አገር ያለን ሰዎች ሠንጠረዡን የምንዘጋው በየቡድናችን፣ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

ግን ጠብቁ፣ ገና አለ! የባለቤቴን ስልክ ተዋስኩና «ቤተሰብ» በሚለው ወንበር በኩል ገባሁ። የቁጥር ገጹ ተዘግቷል፤ ጎሽ። ቀጥሎ ያለውን የጨዋታ ዝርዝር ነካሁ። እያንዳንዱ ውርወራ፣ እያንዳንዱ ምት፣ በልጁ ስም ተዘርግቷል! እርሳስና ወረቀት ያለው ሰው ቁጭ ብሎ የተዘጋውን ሠንጠረዥ ራሱ ሊሠራው ይችላል። የእድሩን መዝገብ ቆልፎ ያልከፈሉትን በጡሩምባ እንደ ማስነገር ነው። ስለዚህ ስትዘጉ ድምሩንም ምንጩንም እዩ፤ ስሙ ቀርቶ የማሊያ ቁጥር ብቻ እንዲታይ ማድረግ የሚቻልም ከሆነ አድርጉት። ደግሞም የዘጋችሁትን ሁልጊዜ በሌላ ሰው ወንበር ገብታችሁ ፈትሹ። ከአሰልጣኙ ወንበር ላይ ሆኖ ሲታይ ሁሉም ነገር ክፍት ስለሆነ ምንም አይታወቅም።

ታዲያ ሁሉንም እንዝጋ? እኔም እንደዚያ ልል ነበር፤ አንዲት ቁጥር ግን አቆመችኝ። የውርወራ ብዛት። የልጅ ክንድ ገና እያደገ ነው፤ በጣም ከወረወረ ክርኑና ትከሻው ይጎዳሉ። ለዚህ ነው ሊትል ሊግ የተባለው የልጆች ቤዝቦል ድርጅት ከ2007 ጀምሮ ውርወራን የሚቆጥረው። የ9 እና የ10 ዓመት ልጅ በቀን 75፣ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ 85 ውርወራ ድረስ ይፈቀድለታል፤ እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ 66ና ከዚያ በላይ ከወረወረ 4 ቀን ማረፍ አለበት። ይኼ ቁጥር ከተደበቀ ምን ይሆናል? ማሸነፍ ያማረው አሰልጣኝ ያደክመዋል። ቅዳሜ በአንዱ ቡድን 60 የወረወረ ልጅ እሑድ በሌላ ቡድን ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ይህችን ቁጥር ሁለቱም አሰልጣኞች፣ ሊጉም፣ ወላጁም ሊያዩአት ይገባል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቁጥር «አንተ ለማን ነው የምትሠራው?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። የውርወራ ብዛት ለልጁ ክንድ ይሠራል። የመምታት አማካይ በአብዛኛው ለእኛ ለወላጆች ወሬ ነው።

ሕጉ የት አለ የምትሉ አላችሁ። አሜሪካ በ1998 የወጣ፣ ከ2000 ጀምሮ የሚሠራበት የልጆች የኢንተርኔት ግላዊነት ሕግ አላት፤ ኩባንያዎች ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ የግል መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት የወላጅ ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል። ሕጉ የሚጠይቀው ኩባንያውን ነው። በቡድኑ ውስጥ የትኛው ወላጅ የየትኛውን ልጅ ሠንጠረዥ ይይ የሚለው ግን ለእኛ ቀርቷል። መልእክት ላይ ደግሞ ጠበቅ ያለ ነገር አለ፤ በኦሎምፒክ ስፖርት ፌዴሬሽኖች ሥር ያሉ ክለቦች የሚመሩበት የሴፍስፖርት ደንብ፣ አዋቂ ሰው ለልጅ ለብቻው መልእክት ሲልክ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ አብሮ እንዲያየው ይፈልጋል። አፑ ላይ «ለልጁና ለወላጁ አንድ ላይ ላክ» የሚል ምርጫ ካለ ተጫኑትና እርሱት።

የመርሐ ግብሩን ነገርም አትርሱ። ስለ አማካይ ቁጥር ስንጨነቅ፣ ልጁ ቅዳሜ ጠዋት በስንት ሰዓት በየትኛው ሜዳ እንደሚገኝ የሚናገረው ገጽ ለማንም ክፍት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አዲስ አበባ ያሉት አያት የልጅ ልጃቸውን ጨዋታ በስልክ መከታተል ይፈልጋሉ፤ ይከታተሉ እንጂ! «ተከታታይ» ወንበር ላይ አስቀምጧቸው፣ ነጥቡን ያዩና እልል ይላሉ። አድራሻውና የስልክ ዝርዝሩ ለእሳቸው ምንም አይሠራላቸውም። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅም ያለፈው ዓመት ረዳት፣ ልጁ ቡድን የቀየረው አባት፣ ሁሉም አሁንም ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ማየት ቡና እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይወስድም።

አንድ ወንበር ቀረኝ፤ የልጁ የራሱ። የ10 ዓመቱ ልጅ ቁጥሩን ባያይ ደስ ይለዋል። የ16 ዓመቱ ግን የኮሌጅ አሰልጣኞች እንዲያዩት ገጹ ይከፈትልኝ ብሎ ሊለምናችሁ ይችላል፤ እውነቱን ነው። ያኔ የእሱን ብቻ መክፈት የሚቻል መሆኑን አጣሩ፤ ቪዲዮም የሚለጥፍ ከሆነ፣ በዚያ ምርጥ ምቱ ላይ ኳሷ ከእጁ ያመለጠችው የሌላው ቡድን ልጅ ስሙ ከሥር ተጽፎ እንዳልሆነ እዩለት።