ደም በእግር ሥር ውስጥ እንዴት ይረጋል?

ከነቀምቴ ተነሥቶ በአኖ፣ በባኮና በአምቦ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ አውቶቡስ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ተሳፋሪው ለረጅም ሰዓት ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል። ያኔ በእግሩ ውስጥ ምን ይሆናል?

ደምን ወደ እግር የምትልከው ልብ ናት፤ ወደ ላይ ለመመለስ ግን የባት ጡንቻ ማገዝ አለበት። ስንራመድ ጡንቻው ደም መላሽ ሥሮችን ይጨምቃል፤ በውስጣቸው ያሉት ቫልቮችም የወጣው ደም እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ስንቀመጥ ጭመቃው ይቆማል፤ ደሙም ይዘገያል።

መዘግየት ብቻውን ብዙ ጊዜ ደም አያረጋም። የሥሩ ግድግዳ በአደጋ ወይም በቀዶ ሕክምና ሲጎዳ፣ ወይም ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲቀና አደጋው ይጨምራል። አንዳንዱ ሰው መርጋትን የሚገቱት ፕሮቲን ሲ፣ ፕሮቲን ኤስ ወይም አንቲትሮምቢን በዘር አንሰውበት ይወለዳል። በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታወቀው ፋክተር ፋይቭ ላይደን የተባለው የዘር ለውጥ በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመደ፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን ብርቅ ነው። ይህ እኛን ከአደጋው ነፃ አያደርገንም፤ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ ካንሰር፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብልና ለረጅም ጊዜ መተኛት የትም ቢሆን ያው ናቸው።

ከሁሉ በላይ አራሷን እናስብ። በእርግዝና ወቅት ደሟ በወሊድ ጊዜ ብዙ እንዳይፈስ ለመርጋት ይዘጋጃል፤ ከወለደች በኋላም ቢያንስ ለስድስት ሳምንት አደጋው ከፍ እንዳለ ይቆያል። በቀዶ ሕክምና ከወለደች ደግሞ ይብሳል። ገንፎውና እንክብካቤው ይቀጥል፤ ነገር ግን ሐኪም ካልከለከላት ቶሎ ተነሥታ በቤት ውስጥ ትንቀሳቀስ።

የእግር እብጠት ሁሉ ግን ከረጋ ደም አይመጣም። በወለጋ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን የሚይዘው ዝሆኔ እግርን በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ያሳብጣል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም። የረጋ ደም ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን እግር በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ያሳብጣል፣ ያማል፣ ያሞቃል። እንዲህ ያለውን እግር ማሳሸት አይገባም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። ትንፋሽ ድንገት ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ፣ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ገብቶ ይሆናልና ደቂቃም አይባክን። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

እናት፣ አባት ወይም እኅት ወንድም ደም ረግቶበት ከነበረ፣ ከቀዶ ሕክምናና ከወሊድ መከላከያ እንክብል በፊት ለሐኪም ይነገር። በመንገድም አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርዶ መራመድ፣ ተቀምጦም ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ውኃ መጠጣት ነው። ዘርን መለወጥ አይቻልም፤ እግርን ማንቀሳቀስ ግን በእጃችን ነው።